ሦስት ሽማግሌ ለአንድ እሁድ

ድሮ ሰው ለሰው ጊዜ ነበረው ይላሉ። አልነበረውም። ቢያንስ እኔ በኖርኩበት ድሮ፣ ከሃያ ሁለት ሰፈር እስከ ጎሮ ባለው አቧራ ውስጥ፣ ጊዜ ያለው ሰው አላስታውስም። ይህን የሚያወሩት ደግሞ ያኔ ደውዬ ያላገኘኋቸው ሰዎች ናቸው። አሁን ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ጥንቱ መተሳሰብ ያወራሉ፤ እኔም ማኪያቶዬን እያማሰልኩ እሰማለሁ። አልከራከርም። በጎልማሳነቴ ብዙ ተከራክሬ ያሸነፍኩት ነገር ትዝ ስለማይለኝ ተውኩት።

ነገሩን ያስነሳብኝ ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት አካባቢ ከጥርስ ሐኪም ስመለስ የገጠመኝ ነው። ግማሽ ፊቴ በማደንዘዣ የኔ መሆኑ ቀርቶ ሊፍት ውስጥ ቆሜያለሁ። በሩ ሊዘጋ ሲል አንዲት ሴት ቦርሳዋን አስቀድማ ገባች። ደልደል ያለች፣ መነጽር ያደረገች፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ትንሽ አየችኝና፣

«የቴአትሩ ሽማግሌ» አለች።

ብናገርም አፌ አይታዘዘኝም።

«ጫልቱ ነኝ። የጎሮው የጋሽ ቱሉ ልጅ።» ሊፍቱ አንድ ፎቅ ወረደ። «ጋሼ፣ አሁን አገር ውስጥ ነዎት?»

ይህ ጥያቄ በዚያ ዘመን ሰላምታ ነበር። «እንደምን አደርክ» የሚል ሰው አልነበረም። ስልኩ ሲነሳ የመጀመሪያው ቃል «አገር ውስጥ ነህ?» ነው። ለምን በዚያ ቃል እንደጠየቀችኝ ስለገባኝ መልሱን ለመጨረሻ ላቆየውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

የዘመኑን ዓመተ ምሕረት አትጠይቁኝ፤ ጋዜጣው የዕድገት ዘመን ይለው ነበር፣ እኔ ደግሞ የባሕር ዛፍ ዘመን እለዋለሁ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያልታሰረበት ማዕዘን አልነበረም። ከአየር ማረፊያው እስከ ገርጂ ድረስ የቆመው ሁሉ ያላለቀ ሕንፃ ነው፤ መስኮት የሌለው፣ ምድር ቤቱ ግን ቀድሞ ካፌ የተከፈተበት። ማኪያቶ ከሦስት ብር ወደ አምስት ሲገባ «ይህች አገር አበቃላት» ብለን ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝን። ወንዶቹ ጫፉ የሾለ ጫማ እናደርግ ነበር፤ በጎሮ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ብቻ እንደ ጀልባ ብቅ ይላል። ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው፣ ስልኩ ቀበቶ ላይ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠለ። ረዳቱ «ጎሮ በገርጂ፣ ጎሮ በገርጂ» እያለ ይጣራል፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ዘፈን ከፊት የቀደመን ሚኒባስ ውስጥ ያለው ዘፈን ነው፤ ወርደህ ሱቅ ብትገባም እዚያው ካቆመበት ይቀጥልልሃል። ዛሬ በዚያው መንገድ ሳልፍ መስታወት በመስታወት ሆኗል። ጭቃውን የሚናፍቁ ሰዎች አሉ፤ ጭቃ ውስጥ ጫማ ጠፍቶባቸው አያውቅም ማለት ነው።

ሊፍት አስመጥቶ የሚተክል ድርጅት ውስጥ ነበር የምሠራው። ተከላው ሲያልቅ ሄጄ ሽቅብና ቁልቁል ተሳፍሬ ማስረከብ ነው ሥራዬ። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሥልጠና ሲመጣ ደግሞ ዱባይና የቻይናው ጓንዡ። ሰው ጉዞው ያሰለቸኝ እየመሰለው ያዝንልኝ ነበር። አልሰለቸኝም። በጣም ነበር የምወደው። አዲስ የተባለ ነገር አያመልጠኝም፤ ሐዋሳ ላይ ዋና ተማርኩ፣ ጓንዡ ላይ እንቁራሪት በላሁ፣ ቦሌ አንድ ምድር ቤት ውስጥ የሳልሳ ዳንስ ተመዘገብኩ። ዛሬ ለአዲስ ነገር መጓጓት እንደ ጸጋ ይሰበካል፤ መጻሕፍት ይጻፉበታል፣ ወጣቶች በስልካቸው እየተቀረጹ ይመክሩበታል። እኔ የማስታውሰው እንደ ረሃብ አድርጌ ነው። ትበላለህ፣ የት እንደገባ አታውቀውም።

ከአዲሶቹ ነገሮች አንዱ የጎሮ ቴአትር ክበብ ነበር። ልምምዳችን ቅዳሜ ከሰዓት በእድሩ አዳራሽ ነው። አዳራሽ ስል ቆርቆሮ ግድግዳ ያለው መጋዘን ማለቴ ነው፤ በአንድ በኩል ድንኳንና ትልልቅ ድስት ተከምሯል፣ በሌላው በኩል እኛ እንተውናለን። ቁልፉ የእድሩ ንብረት ያዥ በወይዘሮ አስካለ እጅ ስለነበር ክበቡም በሳቸው እጅ ነበር። እናት ሆነው ይጫወታሉ፣ እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ ቃል የረሳውን ይቆነጥጣሉ። የመድረክ ዕቃችን የእድሩ አግዳሚ ወንበር ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ወንበሩ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ቅዳሜ ስንመጣ ወለሉ ባዶ ከሆነ ከመካከላችን አንዱ «ማን ነው?» ይላል፤ ወይዘሮ አስካለ ስሙን ይነግሩናል፤ አንገታችንን ደፍተን ትንሽ እንቆይና ቆመን እንለማመዳለን። «ቆማችሁ ስትጫወቱ ይሻላችኋል» ይሉን ነበር፤ «ስትቀመጡ ትንቀላፋላችሁ።»

ፀጉሬ ገና በሠላሳዎቹ ስለሸበተ ዋናው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው አስራት ነው፤ ትራንዚተር፣ ኑሮው ጂቡቲ መንገድ ላይ። ሦስተኛው ይልማ ነው፤ የአንድ እርዳታ ድርጅት አሠልጣኝ፣ ኑሮው ሆቴል ውስጥ፣ ቤቱ የወርክሾፕ ቦርሳ ሙዚየም። ሦስታችን አንድ ላይ ከተማ ውስጥ የምንገኝበት ቅዳሜ ብርቅ ነበር። ስለዚህ ወይዘሮ አስካለ መላ ዘየዱ፤ የሌለው ሰው ይደወልለታል፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ወንበሩ ላይ በቦታው ይቀመጣል፣ ንግግሩ ሲደርስ ከጂቡቲ ይናገራል። አንድ ቅዳሜ ሦስቱም ወንበር ላይ ስልክ ተቀምጦ ልምምዱ ተካሂዷል። በኋላ ወይዘሮ አስካለ «ከመጣችሁበት ቀን ይሻል ነበር» አሉን።

ቴአትሩ ኮሜዲ ነው፤ እኛው ተሰብስበን የጻፍነው። ሦስት ሽማግሌዎች ለአንድ ወጣት ሚስት ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ አባትየው አልሰጥም ብሎ ይመልሳቸዋል። ወጣቱን የሚጫወተው ማርቆስ ነበር። የጎሮን መንገድ የሚቀይስ ሰርቬየር፣ ከወላይታ የመጣ፣ ከተማው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የሌለው፣ ረጋ ያለ ልጅ። የአባትየው ንግግር ሰፈሩን አሳበደው፦ «ልጄን ለማላውቀው ሰው ከምድር ለከተማ አውቶቡስ ብድራት ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ መሥመሩ ይታወቃል።» ይህ ሲባል አስራት ሁለት ጊዜ ይስላል፤ ሳሉ ለምን እንደሚያስቅ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን አዳራሹ ይፈርሳል። ከፊት ወንበር ከሁሉም በላይ ይስቁ የነበሩት ጋሽ ቱሉ ናቸው። ድሮ ገብስ የሚያበቅሉበት ማሳ ግማሹ መንገድ፣ ግማሹ ኮንዶሚኒየም የሆነባቸው፣ የቀራቸውን ግቢ አጥረው የሚኖሩ ትልቅ ሰው። ንግግሩን በቃላቸው ያዙት፤ ታክሲ ውስጥ ሲሉት ሰምቻለሁ።

ማርቆስ ጫልቱን ያወቃት በአባቷ ማሳ ላይ ችካል ሲተክል ነው። ቀን ችካሉን ይተክላል፤ ጠዋት ሲመጣ ተነቅሎ ያገኘዋል። ነቃይዋ እሷ ነበረች። ይህን ያህል ከተነጋገሩ በኋላ መፋቀራቸው አልቀረም። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሦስታችንን አስቀረንና፣

«ጫልቱን ጠይቁልኝ» አለ።

«እኛ እኮ የቴአትር ነን» አለ አስራት።

«አባቴ ሩቅ ነው፣ ጉልበቱም አልቋል። እዚህ ያሉኝ እናንተ ናችሁ። ደግሞ ቴአትሩ ላይ ጥሩ ነበራችሁ።»

«ተከልክለን ነው እኮ የምንመለሰው።»

«አዎ፣ ግን ጥሩ አድርጋችሁ ነው የምትከለከሉት።»

አዲስ ነገር ነው። ሦስታችንም እሺ አልን። ጋቢ ተውሰን፣ ዱላዎቹን ከመድረክ ዕቃው ውስጥ አንሥተን በቀጣዩ እሁድ ሄድን። ምን እንደምንል አንድም ቀን አልተነጋገርንም፤ ንግግሩን እናውቀዋለን ብለን ነው። የምናውቀው ግን ያንኑ ነበር፤ የቴአትሩን።

ጋሽ ቱሉ በሩን ከፍተው ሲያዩን ፊታቸው በራ። ወደ ቤት ዞረው በኦሮምኛ «ኮቱ ኢላሊ» ብለው ሚስታቸውን ጠሩ፤ «ነይ እዪ፣ ቴአትሩ ቤታችን ድረስ መጣ።» ሚስታቸው ወጡ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ አለ፣ ወንበር ተደረደረ። ለእኛ አይደለም፤ ለተመልካች።

«ጉዳያችንን ሳንጨርስ አንቀመጥም» አልኩ። ሳቅ።

«ጋሽ ቱሉ፣ የመጣነው በእውነት ነው» አልኩ። ይህም ቴአትሩ ውስጥ አለ። የበለጠ ሳቅ።

«የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው» አለ ይልማ፣ በሥልጠና ድምፁ። ጋሽ ቱሉ ብድግ አሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄን ለማላውቀው ሰው ከምድር» ብለው ጀመሩና እስከ አውቶቡሱ መሥመር ድረስ አንድ ቃል ሳያዛንፉ ወረዱት። አስራት ከልማዱ ሁለት ጊዜ ሳለ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። በዚያ መሃል ጫልቱ ጓዳው በር ላይ ለሰርግ ያህል ለብሳ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ቆማለች። አትስቅም።

ማርቆስ ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ያልከፈተውን ሚሪንዳ ይዞ ይጠብቀናል።

«ሳቁ?» አለ።

«ሳቁ።»

«እሷስ?»

«እሷ አልሳቀችም።»

«እንግዲያውስ ጥሩ ነው» አለና ሚሪንዳውን ከፈተ።

ማታውኑ ጫልቱ ለአባቷ እውነቱን ነገረቻቸው። በማግስቱ ጋሽ ቱሉ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሽማግሌ በደጄ ገብቶ ስቄ መለስኩ» አሉ። «በእኛ ዘንድ ይህ ነገር እንዲሁ አይቀርም። ልጁን አጣርቻለሁ፣ ሰው ነው፣ እሰጣለሁ። ግን እነዚያው ሦስቱ በአንድነት ይምጡ። ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም። ያዋረድኩት እነሱን ነው፤ ልጄንም የምሰጠው ለእነሱ ነው።»

«እነሱን በአንድ እሁድ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ጋሽ ቱሉ፣ ዝናብ ቢጠይቁኝ ይቀለኛል።»

እንግዲህ የቀረው ይኸው ነበር። ቃሉ አለ፣ ልጅቱ አለች፣ ልጁ አለ። ሦስት ሰው በአንድ እሁድ ጎሮ መገኘት ብቻ። እኔ ጓንዡ ተላክሁ። ስመለስ አስራት ጭነቱ ድንበር ላይ ቆሞበታል። እሱ ሲመጣ ይልማ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ስለ ጊዜ አጠቃቀም ያሠለጥናል። ወይዘሮ አስካለ ከመቸገራቸው የተነሣ የቀረውን ሰው በስልክ ወንበር ላይ እናስቀምጠው ብለው ጋሽ ቱሉን ጠየቁ። «ስልክ ጉልበት የለውም» አሉ፤ «ሽማግሌ የሚከበረው እኮ በእግሩ ስለመጣ ነው።» ቴአትሩ ግን በስልክም በሰውም ቀጠለ። ጋሽ ቱሉ ማየት ትተዋል። ክረምቱ ገባ፣ የጎሮ መንገድ ወደ ወንዝነት ተለወጠ፣ ማርቆስ በየሳምንቱ ይደውላል። አይቆጣም፣ አይለምንም። «ጋሼ፣ አገር ውስጥ ነህ?» ይላል። ካልሆንኩ «እሺ፣ መልካም ጉዞ» ይላል።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው የገንዘብ ፍቅር ነው ይላሉ። አይደለም። አበሉ ይህን ያህል አልነበረም። ሁሉን ነገር መውደዳችን ነው። ማርቆስን እንወደው ነበር፣ ቴአትሩን እንወደው ነበር፣ የአውሮፕላን ምግብ ሳይቀር እንወድ ነበር። ሁሉን እኩል የሚወድ ሰው ሲጠሩት የሚሄደው ቀድሞ ወደ ጠራው ነው፤ ቀድሞ የሚጠራ ደግሞ መሥሪያ ቤት ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሁድ ተገኘ። አስራት ዋዜማውን ገብቷል። ይልማ ሥልጠናውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ መጣ። እኔ ጠዋት ከዱባይ ገብቼ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ከአየር ማረፊያው በቀጥታ ጎሮ ሄድኩ። ማርቆስ ያንኑ ሱፍ ለብሶ ሱቁ ጋ ቆሟል። ዱላዎቹን ልናነሣ ወደ አዳራሹ ገባን። ወለሉ ባዶ ነው። አንድም ወንበር የለም። ድንኳኑም ወጥቷል።

«ማን ነው?» አለ ይልማ፣ እንደ ወትሮው።

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ድስቶቹን ይቆጥራሉ። እጄ ላይ ያለውን ዱላ አዩት።

«እሱን እዚያው አስቀምጠው» አሉ። «ወንበሩ ጋሽ ቱሉ ቤት ነው።»

ሄድን። ሌላ ምን ይደረጋል። ሦስታችን በአንድ እሁድ ጋሽ ቱሉ ግቢ ተገኘን፣ በአንድነት፣ በእግራችን። ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ሲሰጡን የደረሰን የመድረኩ አግዳሚ ሆነ፤ ሳናስበው በመድረኩ ቅደም ተከተል ተቀመጥን። አስራት ሁለት ጊዜ ሳለ። ማንም ቀና አላለም። ማርቆስ ኮቱን አውልቆ ውሃ ያመላልስ ነበር። እኔ ምን እንደተሰማኝ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ጓንዡ ሆቴል ቁርስ ላይ የሚቀርበውን ሐብሐብ ነበር የማስበው። አሁንም ስለዚያ ቀን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሐብሐቡ ነው።

የጫልቱ እናት በኋላ «ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር፤ ይዞት ሄደ» አሉ። አጎትየው ሙት ዓመት ይውጣና እናያለን አለ። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ማርቆስን መሥሪያ ቤቱ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ መንገድ ወደሚወጣበት ላከው። እዚያ የማያውቀው ወንዝ፣ የማያውቀው ዓሣ አለ፤ ሲደውል ስለ ዓሣው ያወራ ጀመር። ለአዲስ ነገር መጓጓት ይተላለፋል። ሁለቱም በየፊናቸው አገቡ። በመለያየታቸው የሞተ ሰው የለም። ቢጋቡ ኖሮ በሦስተኛው ዓመት በሳህን ይደባደቡ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ጥፋተኛ የሚፈልግ አንባቢ ቢፈልግ አልከለክለውም፤ እኔ ፈልጌ ያገኘሁት የጉዞ ፕሮግራም ብቻ ነው። አዳራሹ ፈርሶ ሕንፃ ወጥቶበታል። ሊፍቱን ሄጄ ተሳፍሬበታለሁ፤ የእኛ አይደለም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ በሐኪሙ ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ከስድስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ትዝ ብሎኝ አለቀ። ከሕንፃው ደጃፍ ቆመን ጫልቱ ነገሩን አወጣችው። ያኔ በእናቱ ጀርባ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ገመቹ ሚስት ሊያገባ ነው። የልጅቱ ቤተሰብ ጎሮ ነው ያለው፤ ወግ አጥባቂ ናቸው፣ ሦስት ሽማግሌ ይፈልጋሉ። የጫልቱ አጎቶች ደግሞ በቀረችው መሬት ተጣልተው አይነጋገሩም።

«አባዬ እናንተን ብቻ ነው የምቀበለው ብሎ ነበር» አለች። «እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ ሌላ ሽማግሌ አልተባለም። ጋሽ አስራት አሉ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አስራት ካረፈ ቆይቷል።

«ጋሽ ይልማስ?»

ጉልበቴን በእጄ መታ መታ አደረግሁ። ይልማ ከወንበር አይነሣም።

«እና እርስዎ ብቻ ቀሩ።» መነጽሯን አወለቀች። «እሁድ አገር ውስጥ ነዎት?»

ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሻንጣዬ አልጋ ሥር ነው፣ የክረምት ልብስ ተከቶበታል። «አለሁ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ማደንዘዣው ስላልለቀቀኝ የወጣው ድምፅ የበግ ነበር። ጫልቱ ሳቀች። በዚያ ግቢ ሰው ሁሉ ሲስቅ ያልሳቀችው ልጅ፣ ሃያ ሁለት መንገድ ዳር እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ በደህናው ጉንጬ ብቻ ፈገግ አልኩ።

እንግዲህ አንድ አለሁ። ሁለት ሰው ይጎድለኛል። አንተ ይህን የምታነበው፣ ፀጉርህ ሸበት ያለ፣ ጉልበትህ ደህና የሆነ፣ ሲስቁብህ የማትደነግጥ ከሆንክ እሁድ ከሰዓት ጎሮ ናልኝ። ተዋናይ አልፈልግም። ትኬት የቆረጠ አይምጣ። ስልክህንም ቤት ተወው።